ጋፋት፦ ከመድፉ በፊት የነበረ ልሳን

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኘው ጋፋት በታሪካችን የሚነሣው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩት በዚሁ ስፍራ ነበር። መድፉ በብዙ ድካም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ ሕይወታቸውን ሠዉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ጋፋት ከመድፉ አስቀድሞ የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋ መጠሪያ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ጋፋቶች ቀድሞ ከዐባይ በስተደቡብ ይኖሩ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረው የሕዝቦች እንቅስቃሴ ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው በጎጃም ሠፈሩ። ልሳናቸው የአማርኛ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ልሳን ነው፤ የቅርብ ወንድሙ ግን የሚገኘው ከጎጃም ርቆ፣ በሶዶ በሚነገረው ክስታንኛ ዘንድ ነው። እንግዲህ ዜና መዋዕል ያልመዘገበውን የጥንት ጉርብትና ቋንቋ ይመሰክራል ማለት ነው። ምስክሩ ሲጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲያስተረጉም ጋፋትኛን አልዘለለም። ያ ጽሑፍ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ይህንኑ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። በ1947 ደግሞ ወደ አገሩ ራሳቸው ዘልቀው፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ቋንቋውን የሚናገሩ 4 ሰዎች ብቻ አገኙ። ከእነዚህ ሰዎች አንደበት የቀዱት በ1956 መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም።

ቋንቋ የሚሞተው በዐዋጅ ብቻ አይደለም። ገበያው፣ ችሎቱና ደጀ ሰላሙ በሌላ ልሳን ሲሆን፣ እናት ለልጇ ይበጀዋል ያለችውን ትመርጣለች። ልጁ የአያቱን ቋንቋ ይሰማል እንጂ አይመልስም፤ የልጅ ልጁ ግን አይሰማም። ዙፋንም ቢሆን አያድንም። ማንቹዎች እ.ኤ.አ. ከ1644 እስከ 1912 ቻይናን ገዝተዋል፤ ቋንቋቸው ግን የገዙትን ሕዝብ ልሳን ለብሶ ቀረ፤ በአፍ መፍቻነት የተረፈው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሳንጂያዚ መንደር ባሉ ጥቂት አረጋውያን ዘንድ ነው።

የእኛው ሳንጂያዚም ሩቅ አይደለም። በጎንደር አካባቢ የሚነገረው የአገው ልሳን፣ ቅማንትነይ፣ በዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ170 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነው 2 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። የቋንቋ ምሁሩ ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የቋንቋውን ሰዋስውና የመተካቱን ሂደት መዝግበዋል። አንድ መጽሐፍ ግን ጸሎቱን፣ ሙሾውን፣ እንቆቅልሹን፣ የእሹሩሩውን ዜማ ሁሉ አይሸከምም። ይህን ከሽማግሌዎቹና ከባልቴቶቹ ቃል በድምፅም በፊደልም መቅዳት የመንደሩ ልጆች፣ የመምህራኑና የኪነ ጥበብ ሰዎች ሥራ ነው።

ሴባስቶፖል በመቅደላ አምባ ዛሬም ይታያል፤ ብረት ጠባቂ ባይኖረውም ይቆያል። ልሳን ግን ማደሪያው ሰው ነውና፣ የሚቆየው የሚናገረው እስካለ ብቻ ነው።