ወደ ደቅ ደሴት ያደረግነው ጉዞና የእቴጌ ምንትዋብ ስም

ባለፈው ዓመት ለልምድ ልውውጥ ባሕር ዳር በሄድን ጊዜ የመጨረሻውን ቀን ያሳለፍነው በጣና ሐይቅ ላይ ነበር። አሥራ አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነበርን። የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የጀልባውን ኪራይ የከፈልኩትም ደረሰኙን የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ጉዞ ግን ከደረሰኙ ሌላ ይዤው የተመለስኩት ሐሳብ አለ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ የደረስነው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ዳጋ ከውሃው መካከል ቀጥ ብላ የወጣች፣ ደን የለበሰች ደሴት ናት። የአፄ ዘርአ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም የተቀመጠው እዚያ ነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴት ስለማትገባ ሁለቱ ወንድሞቻችን ወደ ላይ ሲወጡ እኛ ጀልባው ላይ ቀረን። ሥርዓት ነውና ማንም ቅር አላለውም። ከመካከላችን አንዷ እናት ብቻ «እኛ እንግዲህ ዕቃ ጠባቂዎች ነን» ብለው አሳቁን።

ከዳጋ በስተምዕራብ የምትገኘው ደቅ ግን ሌላ ናት። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ስትሆን ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ከነቤተሰቡ ይኖርባታል። ከብት ሲነዳ፣ ሴቶች ከሐይቁ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ፣ ልጆች ከዳር ቆመው ሲጠብቁን አየን። በምዕራብ ዳርቻዋ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እዚህ ሴትም ወንድም ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደግሞ ሴት ናቸው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እቴጌይቱ በሞግዚትነት ብቻ አልተወሰኑም፤ ዘውድ ደፍተው፣ ብርሃን ሞገሳ ተብለው፣ ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ፤ የእሳቸውም ሥልጣን ቀጠለ። በጎንደር ቁስቋምን፣ በደቅ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። መጨረሻቸው ግን አሳዛኝ ነው። በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሉት፤ እቴጌይቱም ኑሯቸውን በቁስቋም አድርገው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

ናርጋ ሥላሴ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሞልቷል። ከእነዚያ ሥዕሎች በአንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከእግሯ ሥር እቴጌ ምንትዋብ ተደፍተው ይታያሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትሕትና ያየዋል፤ ትሕትናም ነው። እኔ ግን በሥራዬ ልማድ ሌላም ነገር አየሁበት። እቴጌይቱ ገንዘባቸውን ሰጥተው ስማቸውን ለሌላ ሰው አልተዉም፤ ማን እንዳሠራው ግድግዳው ራሱ እንዲመሰክር አድርገዋል። ከ250 ዓመት በላይ አልፎም ምስክርነቱ አልጠፋም።

በጣና ታሪክ ስሟ የተጻፈላት ሴት ምንትዋብ ብቻ አይደሉም። ከእሳቸው መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ፣ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እምቢ ብላ ባሏንና ሹመቱን ትታ መነነች። ባሏ ከንጉሡ አማካሪዎች አንዱ ነበር። ተከሰሰች፣ ተጋዘች፤ ስትመለስ በሐይቁ ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበራትን አቋቋመች። ስታርፍ በሬማ ደሴት ተቀበረች። ገድሏም ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ የሚያውቋት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ተጻፈ።

«እነሱማ እቴጌና የመኳንንት ልጅ ናቸው፤ እኛ ከእነሱ ምን አለን?» የምትል እኅት ትኖራለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ የሚሆነውን ያገኘሁት የጎንደር ዘመን የመሬት መዛግብት እንዴት ይጻፉ እንደነበር ሳነብ ነው። በዚያ ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን በሚቀመጡ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ መሬት የሚገዙ፣ የሚሸጡና የሚያወርሱ ሴቶች በስማቸው ይገኛሉ። ዛሬ መኖራቸውን የምናውቀው ጸሐፊው ስማቸውን ስላሰፈረ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው ግን ከእነሱ ያነሰ አልሠሩም ይሆናል፤ ግን የሚመሰክርላቸው ገጽ የለም።

ከናርጋ ስንወጣ ጀልባው አጠገብ አንዲት የደሴቲቱ ነዋሪ እናት ጌሾ ይሸጡ ነበር። ጌሾውን ገዝቼ፣ መሬት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«አለኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ደብተሩም አለ። የሟቹም ፎቶ አለበት፣ የእኔም አለበት።»

«ፎቶዎ መኖሩ ጠቀመዎት?»

«እሱ ሲሞት ማን ውጪ ይለኛል? መልኬን እያየው!»

እሳቸው የሚሉት በክልሉ ለገበሬዎች የሚሰጠውን የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይወጣበታል።

ጀልባው ሲመለስ ያሰብኩት እናቴን ነበር። እናቴ እንጀራ እየሸጠች ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ በአባቴ ስም በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ይገባ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባንክ ቤት የሚሄደው እሱ ስለነበር ብቻ ነው። እሱ ሲሞት ግን ዘመዶች ተነሱ፣ ክርክር መጣ። እናቴ ላቧን የምታስረዳበት አንድ ወረቀት አልነበራትም። ሁለት ዓመት ተመላልሳ ካገኘችው የሚበዛው ለክርክሩ ወጪ ሄደ። የሒሳብ ትምህርት የመረጥኩት ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን የጻፍኩት እቴጌን ለማወደስ ብቻ አይደለም። የማኅበራችንን መዝገብ ስሠራ፣ ብድሩን ወስዳ፣ ሱቁን ከፍታ፣ ብድሩን ራሷ እየከፈለች፣ የንግድ ፈቃዱና የኪራይ ውሉ ግን በባሏ ወይም በወንድሟ ስም የሆነ እኅት አገኛለሁ። ስጠይቃት «ያው ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ትለኛለች። ልዩነቱ የሚታወቀው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ያን ቀን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ለሚቀጥለው የቁጠባ ቀን ስትመጡ ፈቃዳችሁን፣ ውላችሁንና ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። አብረን እናያለን፤ መታረም ያለበትን እንዴት እንደሚታረም እንነጋገራለን። ጌሾ ሻጯ እናት የነገሩኝን እንድትረሱት አልፈልግም፤ ፎቷቸው ደብተሩ ላይ ስላለ ዛሬም በቤታቸው ናቸው።