ከግድግዳው ሥር ያለው ጋዜጣ

ፒካሶና ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የወረቀት ቁራጭ በሥዕላቸው ላይ መለጠፍ ጀመሩ፤ ስሙም ኮላጅ ተባለ። እኛ ዘንድ ሥራው ነበረ፣ ስም ግን አልወጣለትም። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ተነብቦ ሲያበቃ በዱቄት ሙጫ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። አቧራ ለመከላከል ነው። ግን እናቶቻችን ፎቶ ያለበትን ገጽ ከአልጋው በላይ፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ወደ ጥግ ያደርጉት ነበር፤ ይህ ምርጫ ጥበብ ካልሆነ ምን ይባላል? ስንቱ ልጅ ተኝቶ ፊደል ቆጠረበት (ተገልብጦ የተለጠፈውን ሳይቀር)!

ዱከም ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። ወረቀቱ ተላጠ፤ ከላይ የቀን መቁጠሪያ፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከሁሉም ሥር የደብተር ገጽ። ከጭቃው ጋር በአካፋ ተዛቀ። በአያቶቻችሁ ቤት የተረፈ ካለ፣ ሳይፈርስ ፎቶ አንሱት፤ ማን እንደለጠፈውም ጠይቁ።