ከእንጦጦ እስከ ግቢ፦ የአዲስ አበባ የጉብኝት መንገድና ታሪኩ

ቅዳሜንና እሁድን ጠብቀው ከጓደኞቻቸው ጋር አዲስ አበባን ለማየት የሚወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጧት እንጦጦ ላይ ይጀምሩና በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርገው ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ፍልውሃ ይወርዳሉ። ይህ ቁልቁለት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከተራራው ወደ ሜዳው የወረደበት አቅጣጫ በመሆኑ፣ ጎብኚው ሳያስበው የከተማዋን አመሠራረት እየተከተለ ይጓዛል።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በእንጦጦ የሰፈሩት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ዙሪያውን ለመቃኘትና ጠላትን ለመከላከል ስለሚመች ነበር። ይሁን እንጂ ለምሽግ የተመቸው ስፍራ ለኑሮ አልተመቸም፤ ብርዱና ነፋሱ የከበደ ከመሆኑም በላይ በሺህ የሚቆጠረው ሠራዊትና አገልጋይ የሚያነደው እንጨት እያደር ራቀ። ሆኖም የተራራው ክብር ቶሎ አልቀረም፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ያህል ሆኗት ነበር።

ከተራራው ግርጌ የነበረው ሜዳ የቱለማ ኦሮሞዎች ይዞታ ሲሆን፣ ፊንፊኔ ተብሎ የሚጠራው የፍል ውሃው ምንጭ ቁርጥማትና የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው የሚታጠብበት ቦታ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ለመታጠብና ለማረፍ እየወረደ በምንጩ ዙሪያ ድንኳን ይተክል ጀመር፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘመቻ በሄዱበት ጊዜ ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ በዚያው አቅራቢያ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። የአንዲት ዋና ከተማ መነሻ ከጦር ድልና ከገበያ መንገድ ይልቅ ለዕረፍትና ለጤና የተደረገ ጉዞ መሆኑ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን የከተማዋ መስፋፋት ነባሮቹን የኦሮሞ ባለይዞታዎች ከመሬታቸው ማፈናቀሉ የዚሁ ታሪክ አካል ስለሆነ፣ ስለ እቴጌይቱ ቤት ብቻ ተርኮ ይህን መዝለል ታሪኩን ማጉደል ነው።

አዲሲቱ ከተማ የተዋቀረችው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። ንጉሡ ግቢውን፣ ማለትም በአጥር የተከበበውን ቤተ መንግሥት፣ በጉብታ ላይ ሲያሠሩ፣ ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ከነተከታዮቻቸው በየአቅጣጫው ባሉት ሌሎች ጉብታዎች ላይ ሰፈሩ፤ በመካከላቸው የቀረው ሸለቆና ወንዝ ለረጅም ጊዜ ያልተገነባ ክፍት ቦታ ሆኖ ቆየ። የዛሬ ጎብኚ ከአንዱ ታሪካዊ ስፍራ ወደ ሌላው ሲሻገር ዳገት የሚወጣውና ድልድይ የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። የማገዶ እጥረቱ አዲስ አበባንም ተከትሏት ስለነበር ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቢያስቡም፣ ከአውስትራሊያ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በመስፋፋቱ ከተማዋ ከመፍረስ ዳነች።

ከጉብኝቱ መንገድ ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስድስት ኪሎ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል የሚባል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ስለወረወሩበት፣ ፋሽስቶች ለሦስት ቀናት ሕዝቡን በጥይት፣ በእሳትና በአካፋ ጨፈጨፉ። ከግቢው ውጭ በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የእነዚህ ሰማዕታት መታሰቢያ ሲሆን፣ በቅርጻ ቅርጾቹ ላይ የሚታየው ጭፍጨፋ ለሥዕል ውበት የተጨመረ አይደለም። በሙዚየሙ ደጃፍ ያለውን ደረጃ ጣሊያኖች የሠሩት እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት እንዲያመለክት ነበር፤ በኋላ ግን በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና የወራሪው መታሰቢያ የሽንፈቱ ምስክር ሆነ። ይህን ሳያውቅ በደረጃው ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ጎብኚ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ከከተማዋ ሌሎች ሐውልቶች አንዳንዶቹም ራሳቸው ከቦታቸው ተነሥተው የተመለሱ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነሥቶ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ወደ ሮም ተወስዶ ከብዙ ዓመታት በኋላ መጣ።

ከዚህ በኋላ የተጨመሩት ስፍራዎች የከተማዋን ዝና ወደ አህጉርና ወደ ዓለም አሰፉት። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕሎች የተዋበና ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ያለው ብሔራዊ ሙዚየምም በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን የድንቅነሽን (የሉሲን) ቅሪተ አካል ቅጂ ለዕይታ ያቀርባል።

የምኒልክ ግቢ ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ለተራ ጎብኚ ተዘግቶ የኖረ ነበር። በምኒልክ ዘመን ወደ ግቢው የሚገባ ሕዝብ በብዛት የሚታየው ለግብር፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለካህናቱ በሚያበሉት ትልቅ ግብዣ ላይ ሲሆን፣ እንግዳው በተራ በተራ ወደ ሰፊው አዳራሽ እየገባ እንደየማዕረጉ ይቀመጥ ነበር። ይኸው አዳራሽ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአንድነት ፓርክ ጋር ለሕዝብ ስለተከፈተ፣ ዛሬ ማንም ሰው ማዕረግ ሳይጠየቅ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ ይገባበታል።