ዘውድ ወይስ ጎፈር?

ዲቪ ተሰብስበን እንሞላ በነበረበት ጊዜ አንድ የማትቀር አባባል ነበረችን። «ወይ ይደርሰናል፣ ወይ አይደርሰንም፤ ሃምሳ በሃምሳ!» ስቀን እናልፋታለን። ግን እኮ ከመሃላችን በዚችው ሂሳብ ተማምኖ የኮሌጅ ምዝገባውን ያሳለፈ ነበር። ለማንኛውም በዚህ ወጥመድ የወደቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። አንድ ታላቅ ሊቅም ወድቆበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳላምቤር ይባላል። ከዲድሮ ጋር ዝነኛውን የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ያዘጋጀ የሒሳብ ሰው ነው። በ1754 በወጣው ቅጽ ላይ፣ እኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ስለምንለው ጨዋታ ጻፈ። ጥያቄው ይሄ ነበር፦ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው?

የተለመደው መልስ ከአራት ሦስት ነው። ዘውድ-ዘውድ፣ ዘውድ-ጎፈር፣ ጎፈር-ዘውድ፣ ጎፈር-ጎፈር፤ ከአራቱ የሚያከስረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ዳላምቤር ግን አልተዋጠለትም። መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፤ ታዲያ ሁለተኛው ውርወራ ለምን ይቆጠራል? ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው አለ፦ ዘውድ፣ ጎፈር-ዘውድ፣ ጎፈር-ጎፈር። ስለዚህ መልሱ ከሦስት ሁለት!

ጨዋታው ማለቁስ እውነት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ውርወራ የሚወጣው ዘውድ ብቻውን የዕድሉን ግማሽ ይወስዳል። የቀሩት ሁለቱ የሚደርሳቸው ሩብ ሩብ ነው። ሊቁ ሦስቱን እኩል አድርጎ ቆጠራቸው።

የሚገርመው፣ የዚህ ቆጠራ መላ ከመቶ ዓመት በፊት ታውቆ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጣሊያን ቁማርተኞች አንድ ነገር ግራ ገባቸው። በሦስት ዳይስ ድምር 9 የሚሰጡት ስድስት ዓይነት ቁጥሮች ናቸው፤ 10 የሚሰጡትም ስድስት። ሲጫወቱ ግን 10 በለጥ ብሎ ይወጣል። ጋሊሊዮ ተጠየቀና ቁጭ ብሎ ቆጠረ። 3-3-3 የሚወጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ 1-2-6 ግን ዳይሶቹ ቦታ እየተለዋወጡ በስድስት መንገድ ይወጣል። ሁሉም ሲደመር ከ216ቱ መንገዶች 9 ሃያ አምስት፣ 10 ደግሞ ሃያ ሰባት ሆኑ።

ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ገንዘባቸውን ያስያዙት ቁማርተኞች ግን አላመለጣቸውም። በየቀኑ የሚወጣውን ያዩ ነበርና። ሊቁ ወረቀት ላይ ስሞቹን ቆጠረ፣ እነሱ ጠረጴዛ ላይ የወጣውን ቆጠሩ።

እኛም የቆጠርነው ስም ነበር። «ይደርሰኛል» እና «አይደርሰኝም» ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሁለት እኩል ዕድሎች ግን አይደሉም። ተስፋ ማድረግ ክፋት የለውም። ምዝገባ ማሳለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው።