የሚወገደው ከረጢት ምን ይነግረናል? የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የዘር ልዩነትና የሐዋሳ ደም ለጋሾች

መግቢያ

መናኸሪያ የሐዋሳ አንዱ ክፍለ ከተማ ነው፤ ስሙም የከተማዋን ጠባይ ይገልጻል። ሐዋሳ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች፣ ከለጋሾቿ የሚቀዳው ደም የብዙ አካባቢዎች ናሙና ነው። በኢትዮጵያ የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ከእነዚህ አንዱ የተገኘበትም ይወገዳል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበት ደም ከመወገዱ በፊት የቫይረሱ ዘረመል ቢነበብ ለሕክምናም ለምርመራም ይጠቅማል የሚል ነው።

የልዩነቱ ምንጭ

የቫይረሱ ዘረመል 3,200 ያህል ኒውክሊዮታይድ ብቻ ይዟል። ዘረመሉን የሚገለብጠው ኢንዛይም ግን ስህተቱን አያርምም፤ ስለዚህ ለውጥ ይከማቻል። በሙሉ ዘረመላቸው ከ7.5 በመቶ በላይ የሚለያዩ ዝርያዎች የተለያዩ ጂኖታይፖች ይባላሉ፤ ከ«ኤ» እስከ «ጄ» 10 ተለይተዋል። «ኢ» በምዕራብ አፍሪካ ይበዛል። በኢትዮጵያ ለጋሾች ላይ የተሠራ ጥናት ግን «ኤ» ቀዳሚ፣ «ዲ» ተከታይ መሆናቸውን አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ «ዲ10» የተባለ አዲስ ንዑስ ጂኖታይፕ በአገራችን መኖሩ ይፋ ሆኗል።

ፋይዳው

በ«ዲ» የተያዘ ሰው «ኢ-አንቲጂን» የተባለው የመባዛት ምልክት በደሙ ሳይታይ ቫይረሱ ሊባዛበት ይችላል፤ ሐኪም በዚያ ምልክት ብቻ ቢመራ ይሳሳታል። የ«ኤ» ንዑስ ጂኖታይፕ የሆነው «ኤ1» በበኩሉ በአፍሪካ በወጣትነት ዕድሜ ከሚከሰት የጉበት ካንሰር ጋር ተያይዟል። ለደም ባንክ ይበልጥ የሚያሳስበው የሽፋን ፕሮቲኑ ለውጥ ነው። የተለመደው የኤሊዛ ምርመራ ቫይረሱን የሚያውቀው በዚህ ፕሮቲን ነው፤ በ145ኛው አሚኖ አሲድ ላይ እንደሚከሰተው ያለ ለውጥ ካለ አንዳንድ ምርመራ ሊያልፈው ይችላል።

ገደብና ማጠቃለያ

ለጋሾች በጤና መጠይቅ ተጣርተው የሚቀርቡና በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ስለዚህ የሕዝቡን የስርጭት መጠን በእነሱ መለካት ያሳስታል። ኤሊዛ ያለፈውም ከሚወገደው ደም ውስጥ አይገኝም፤ እሱን ለማግኘት «ነፃ» ከተባለው ደም ጥቂቱን በዘረመል ምርመራ መፈተሽ ያስፈልጋል። የትኞቹ ዝርያዎች እንደሚዘዋወሩ ለማወቅ ግን የሚወገደው ደም በቂ መነሻ ነው። ናሙናው ተቀድቷል፣ ተመርምሯል፣ ተለይቷል፤ የቀረው ማንበብ ነው።