«ደህና ነኝ» ሳይሉ አይቆጠርም

ጎንደር ያደግን ልጆች አንድ ጨዋታ ነበረችን። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ቀሃ ወንዝ እንወርድና ማን ትንፋሹን ይዞ ብዙ እንደሚቆይ እንወራረዳለን። አንዱ ይጠልቃል፣ ሌሎቻችን ዳር ቁጭ ብለን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያልን እንቆጥራለን። ሰዓት ያለው ልጅ ስላልነበረ የቆጣሪው ታማኝነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ለወዳጁ ቶሎ ቶሎ ይቆጥርለታል፣ የተኳረፈውን ደግሞ ቃሉን እየጎተተ ያቃጥለዋል።

አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ በኃይል ተነፈሰ። እንዲህ ሲደረግ ብዙ ያስቆያል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ገባ። ስልሳ አልን፣ ሰባ አልን፣ በደስታ እየጮህን ዘጠና ደረስን። ልብስ ስታጥብ የነበረች አንዲት ሴትዮ ናት «እናንተ! ልጁ እኮ አይንቀሳቀስም!» ያለችን። ጎትተን አወጣነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጥቂት ቆይቶ ሳል አለና ዓይኑን ገለጠ። «ስንት ደረስኩ?» አለን። የመለሰለት አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ትንፋሹን የያዘን ሰው «አየር! አየር!» የሚያሰኘው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኃይል ደጋግሞ የተነፈሰ ሰው ይህንን አራግፎ ይገባል። የማስጠንቀቂያ ደወሉን ፈትቶ እንደ መጣል ማለት ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ጭንቀት ሳይሰማው፣ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሁሉ፣ ራሱን ይስታል። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» ማለት እንዲህ ነው።

ያቺ የቀሃ ጨዋታ በሌላው ዓለም ሕግና ዳኛ ያላት ስፖርት ናት። ፍሪዳይቪንግ ይሏታል። ዓለም አቀፉ ማኅበር አይዳ የተቋቋመው በ1992 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ባህር ወርደው የሚጠልቁ አሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የመዋኛ ገንዳው ውድድር ነው። አንደኛው ዓይነት ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሳይንቀሳቀሱ ተንሳፎ መቆየት ነው። ፈረንሳዊው ስቴፋን ሚፍሱድ በ2009 ዓመት 11 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ቆየ። ሩሲያዊቷ ናታልያ ሞልቻኖቫ በ2013 ዓመት 9 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ቆየች። ሌላው ዓይነት በአንድ ትንፋሽ ከውሃ በታች ርቀት መሄድ ነው። በ2016 በፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ማቴዎሽ ማሊና የሚባል ፖላንዳዊና ዮርጎስ ፓናዮታኪስ የሚባል ግሪካዊ እያንዳንዳቸው 300 ሜትር ሄዱ። ባለ 50 ሜትሩን ገንዳ ስድስት ጊዜ ማቋረጥ ነው እንግዲህ።

ቁጥሩ ያስደንቃል። እኔ ግን ልቤን የወሰዱት ዳር የቆሙት ናቸው። ሳይንቀሳቀስ ለሚቆየው ሰው አጠገቡ የሚቆም ረዳት አለው። ረዳቱ በየጊዜው ነካ ያደርገዋል፤ እሱም ጣቱን አንስቶ «አለሁ» ይላል። መልስ ከሌለ ወዲያው ይወጣል። በርቀቱ ውድድርም ከጠላቂው በላይ አብሮ እየዋኘ የሚከተለው ጠባቂ አለ። ብቻህን አትጥለቅ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ከሁሉም የምወደው ግን የመጨረሻውን ሕግ ነው። ተወዳዳሪው ብቅ ካለ በኋላ በ15 ሰከንድ ውስጥ መነጽሩንና የአፍንጫ መያዣውን አውልቆ፣ በእጁ ምልክት አሳይቶ፣ ለዳኛው በአፉ «ደህና ነኝ» ማለት አለበት። ካለ ነጭ ካርድ፣ ሳይል ከቀረ ቀይ። አሥር ደቂቃ ቢቆይም «ደህና ነኝ» ካላለ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሞልቻኖቫ ራሷ በነሐሴ ወር 2015 ስፔን ውስጥ ፎርሜንቴራ ከምትባል ደሴት አጠገብ ጠልቃ ሳትመለስ ቀረች። ውድድር አልነበረም። ባህር ነበር፣ ተራ ቀን ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ወደ ጊች ልወስዳችሁ ነው።

መጀመሪያ ጊች የወጣሁት ሰዎቹ ገና እዚያው ሳሉ ነው። ከሳንቃበር ተነስተን ጅንባርን ተሻግረን ሽቅብ ስንል፣ ስካውቱ ጠመንጃውን ተሸክሞ ወሬውን ያወርዳል፤ እኔ «እሺ» የምልበት ትንፋሽ እንኳ አጠረኝ። ጊች 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው በሲሶ ያህል ያንሳል። ገብስ ማሳ ዳር ያገኘናቸውን አንድ አባት «እንደምን ዋሉ» ልል ጀምሬ መሃል ላይ ተቋረጥሁ። ሳቁና «ተቀመጥ ልጄ፣ ሰላምታው አይሸሽም» አሉኝ። እሳቸው ግን ከገደሉ ጫፍ በግ እየመለሱ ነበር የመጡት።

የነዚህ ደገኞች ትንፋሽ የሳይንስ ጉዳይ ሆኗል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በስሜን ተራሮች ፓርክ አካባቢ፣ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን በ2002 አሳተመች። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በከፍታው ምክንያት ሂሞግሎቢናቸው ይጨምራል፣ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤቶቹ ሂሞግሎቢን ብዙ አይጨምርም፤ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ግን ዝቅ ያለ ነው። አምባራስ ላይ የተገኘው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሂሞግሎቢኑም ኦክስጅኑም ባህር ዳርቻ እንዳለ ሰው። አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ነበር። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ የሁሉም ኢትዮጵያዊ ደገኛ ጠባይ እንዳልሆነ፣ በባሌ ደጋ ያሉ ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢናቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

የውሃ ሰዎችም እንዲሁ ተመርምረዋል። በኢንዶኔዥያ ባጃው የሚባሉት ባህርተኞች ጣፊያቸው ከየብስ ጎረቤቶቻቸው በ50 ከመቶ ገደማ እንደሚበልጥ በ2018 ተጽፏል። ጣፊያ ሰው ሲጠልቅ ተኮማትሮ ያጠራቀመውን ቀይ ደም ይለቃል፤ የትንፋሽ ስንቅ መሆኑ ነው። የስሜን ሰው በደጋው፣ ባጃው በባህሩ፣ ትንፋሻቸው ከአገራቸው ጋር ተስማማ።

ከዚያ 2016 መጣ። ሁለቱ ጠላቂዎች ቱርኩ ላይ 300 ሜትር በሄዱበት ዓመት የጊች መንደር ተነሣ፤ ከ400 በላይ አባወራ ወደ ደባርቅ ወረደ። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ ነበር። ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ሜዳው በግጦሽ ተጎድቶ ነበር። ለተነሺዎቹም ካሣና መኖሪያ ተሰጥቷል። ይህን መካድ አይገባም። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። በገንዳው ቋንቋ ብቅ አለና ነጭ ካርድ አገኘ።

ሰዎቹስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደባርቅ ውስጥ አንድ የጊች ሰው አገኘሁ። «እንደምን ናችሁ?» አልኩት። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ፣ እንደ ወጉ። እኛ ይህን ቃል ቤታችን ሲቃጠልም እንለዋለን። ዝም ብዬ ቆየሁ። እሱም ቆየና «ሁሉም በገንዘብ ሆነ እንጂ» አለ። «ያኔ ገብሱ የራሴ፣ በጉ የራሴ። አሁን እንቁላልም በብር ነው። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ቀርቧቸዋል፤ እሱን አልክድም።» ካሣውን ጠየቅሁት። «አለቀ» አለኝ፣ ገንዘብ እንዲያልቅ የተሠራ መሆኑን እንደሚያስረዳ ሰው። ከዚያ ወዲህ ኮሮናውም ጦርነቱም መጥተው ቱሪስቱን አራቁት፤ በቅሎ አከራይቶ የሚያድረውም ሰው ተጎዳ።

የዳኞቹ ሕግ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። 15 ሰከንድ ቆመው ፊቱን የሚያዩት «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የከንፈሩን ቀለም ያያሉ፣ ራሱ እንዳይወድቅ ይጠብቃሉ። እኛ ግን ሰው ከቀዬው ስናወርድ የተሰጠውን ቤትና ብር ቆጥረን ፋይሉን እንዘጋለን። ቀሃ ዳር ዘጠና እስክንል እየጮህን እንደ ቆጠርነው መሆኑ ነው። ዋልያ በየጊዜው ይቆጠራል፣ መቆጠሩም ደግ ነው። የጊችን ሰው «አለህ ወይ?» ብሎ በየዓመቱ ትከሻውን ነካ የሚያደርግ ማን ነው? ያቺን ቀሃ ዳር የጮኸችውን ሴትዮ ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ቁጥሩን ትተን ልጁን እንድናይ ያደረገችን እሷ ብቻ ነበረች።