ስለ ሌሊት ሌባና ስለ ሰው ደም

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ሰው በላቡ ያፈራውን ሀብት ከሌባ መጠበቁ የተገባ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሀብትን ለመጠበቅ ሲባል የሰውን ነፍስ እስከ ማጥፋት መድረስ ይገባልን? ይገባል ከተባለስ መቼ ነው? እስከ ምን ድረስስ ነው? ይህን ጥያቄ የእኛም አባቶች፥ ከእኛ የራቁ ሕዝቦችም ከጥንት ጀምሮ ሲመረምሩት ኖረዋል። እኔም ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሳስተምር ከልቤ ያልወጣ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን አስቀድሜ ብነግራችሁ፥ ስለ ሕጉ የምጽፈውን በተሻለ ትረዱታላችሁ።

የተወለድሁት በጋይንት፥ ከቤተ ልሔም ደብር ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። በ1959 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ አንድ ሌሊት ከእናቴ ወንድም ቤት አደርሁ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። የበረቱ መዝጊያ ሲከፈት የሰማሁት እኔ ነኝ፤ «ጋሼ፥ በሬው ወጣ!» ብዬም የቀሰቀስሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ምንሽሩን ከግድግዳው አውርዶ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። አንድ ሰው በሬውን በጠፍር እየሳበ ቁልቁለቱን ሲወርድ በጨረቃው ብርሃን አየነው። አጎቴ «ቁም!» ብሎ ሲጮኽ ሰውየው ጠፍሩን ጥሎ ሮጠ። በሬው እዚያው ቆመ። ያን ጊዜ እኔ፥ ሕፃኑ፥ «በለው! በለው!» ብዬ ጮኽሁ። አጎቴም ተኮሰ።

ሲነጋ ሰዉ ተሰብስቦ ቢያየው፥ ሟቹ ከወንዝ ማዶ የሚኖር፥ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ድኻ ገበሬ ነበር። ከአንድ በትር በቀር መሣሪያ አልተገኘበትም። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው።

አጎቴ ወደ ደብሩ ሸሽቶ ተማጠነ። የሟች ወገኖች ደም ለመመለስ ስለ ተነሡ ሽማግሎች ገብተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንድ የድጓ መምህር ነበሩ። እኚህ ሰው አጎቴን ብዙ አልመረመሩትም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የተኮስኸው በሬውን ሳይለቅ ነው ወይስ ከለቀቀ በኋላ?»

«ከለቀቀ በኋላ ነው፥ የኔታ።»

«እንግዲያስ የጠበቅኸው በሬህን አይደለም፤ ቁጣህን ነው።»

የደም ካሳው ተቆረጠ። አጎቴ ያንን በሬና ጓደኛውን ሁለቱንም ሸጦ ከፈለ፤ ከዚያም ለመንግሥት እጁን ሰጥቶ ሦስት ዓመት ታሰረ። በሬውን አዳነች የተባለችው ጥይት በሬውንም፥ ጥማዱንም፥ የሦስት ዓመት እርሻውንም አስወሰደችው። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። «በለው» ያለው ማን እንደ ሆነ አጎቴ እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ስማር፥ ከኦሪት ዘጸአት 22ኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። በዚያ የተጻፈው ሕግ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሌባ ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ከዚያው ምዕራፍ ላይ ስለ በሬ ሌባም ተጽፏል፤ በሬውን አርዶት ወይም ሸጦት ከሆነ ስለ አንዱ አምስት ይክፈል፥ በሬው በሕይወት ከተገኘ ግን እጥፍ ይክፈል ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ወጣሁ። በሙሴ ሕግ እንኳ የዚያ ሰው ዕዳ ሁለት በሬ ነበር፤ እኛ ያስከፈልነው ግን ነፍሱን ነው።

እንግዲህ ሕጉ ሌሊትንና ቀንን ለምን ለየ? በሌሊት የተሰረቀ በሬ በቀን ከተሰረቀ በሬ ዋጋው አይበልጥም። ልዩነቱ በሰውየው ፍርሃት ላይ ነው። በጨለማ ቤቱ የተደፈረበት ሰው፥ የመጣው ሊሰርቀው ይሁን ሊገድለው አያውቅም፤ ስንት እንደ ሆኑም አያይም፤ ጎረቤትም ተኝቷል። በቀን ግን ያያል፥ ይጮኻል፥ ሰው ይደርስለታል፥ ሌባው ቢያመልጥም መልኩን ለዳኛ ይናገራል። ስለዚህ ሕጉ ይቅር ያለው ስለ ሀብት የተደረገውን ግድያ ሳይሆን፥ ስለ ነፍስ በመፍራት የተደረገውን ነው። ያ የእኛ ሌሊት በስሙ ሌሊት ይባል እንጂ፥ በጨረቃው ብርሃን የሰውየውን ጀርባ አይተን ለይተናልና በምክንያቱ ቀን ነበር።

የሌሎች ሕዝቦች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ፥ ቤት የሰረሰረ ሌባ እዚያው በሰረሰረው ቀዳዳ ፊት እንዲገደል ደንግጎ ነበር፤ ሌሊትና ቀን አልለየም። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ በ12 ሰሌዳዎች ላይ በጻፉት ሕግ፥ የሌሊት ሌባን መግደል ፈቀዱ፤ የቀኑን ሌባ ግን በመሣሪያ ካልተከላከለ በቀር መግደልን ከለከሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ኡልፒያኖስ የተባለ ሊቃቸው ነገሩን የበለጠ አጠበበው። የሌሊት ሌባን የገደለ ሰው ከቅጣት የሚድነው፥ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊምረው የማይችል ሲሆን ብቻ ነው አለ። ይህም ቃሉ ንጉሡ ዩስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 ባወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ ገባ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሰዓቱ ይጠየቅ ነበር፥ ኋላ ግን የሚጠየቀው አደጋው ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ዳኞቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የፈረዱበት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጻዊ ሊቅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ስለ ዓለማዊ ነገር የሚናገረው ክፍሉ ከኦሪትና ከሮማውያን ሕግ ብዙ ቀድቷል። ከመጽሐፉ ውጭ ደግሞ የአገሩ ሰው ሌባን የሚፈልግበት የራሱ ልማድ ነበረው። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ከብት ወይም እህል በጠፋ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሌባው ካልተገኘ ሕዝቡ አዋጥቶ የተሰረቀውን ይክሳል። ሌላው ልማድ ሌባሻይ ነው፤ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቅቁታል፥ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሁለቱም ጉድለት ነበረባቸው። አውጫጭኝ ንጹሑን ሰው ከሥራው ያስፈታዋል፥ የሌላውንም ዕዳ ያስከፍለዋል፤ ሌባሻይማ ፍርዱን ለሰከረ ሕፃን የሰጠ ክፉ ልማድ ነበር። ሆኖም በአውጫጭኝ ውስጥ አንድ ጥበብ አለ። አባቶቻችን የጠፋ ከብት በገንዘብ እንደሚተካ አውቀው፥ ሀብቱን የሚመልሱበትን መንገድ ከሕዝቡ መካከል ፈለጉ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ሕግ መጣ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ አገር ሊቅ ናቸው። በቦታውም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። የቤተ ልሔምን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ያያችሁ እንደ ሆነ እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን በድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ አራት ማዕዘን ሕንፃ ታገኛላችሁ። ሕጋችንም እንዲሁ ነው። ውጭው አዲስ ቢሆንም ውስጡ የቆየው ድንጋይ አለበት።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 እንደሚለው፥ ሰው የራሱን ወይም የሌላውን መብት ከሕገ ወጥ ጥቃት ለማዳን ያደረገው ነገር አያስቀጣውም። ንብረትም መብት ነውና በዚህ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ጥቃቱ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመዛዘነ መሆን አለበት። ከዚህ ልክ ያለፈ ሰው ይቀጣል፤ ይሁን እንጂ በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል፥ ልኩን ያለፈው በድንጋጤ ወይም በሚገባ ፍርሃት ከሆነም ጨርሶ ሊተውለት ይችላል። የመከላከልን ልክ አልፎ ሰው የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሲቀጣ፥ እንዲህ ያለ ምክንያት የሌለው ተራ ገዳይ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1148፥ ባለ ንብረቱ ነጣቂውን በኃይል እንዲመልስ፥ የተወሰደበትንም ዕቃ እጅ ከፍንጅ ከያዘው ወይም ሲሸሽ ካገኘው ሌባ ላይ ወዲያው እንዲያስጥል ይፈቅድለታል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ሥራ ግን ይከለክለዋል።

ዓለም ሁሉ በዚህ ተስማምቷል አልልም። በአሜሪካ የቴክሳስ ሕግ፥ በሌሊት የሚሰርቅን ሰው፥ ንብረቱን በሌላ መንገድ ማዳን የማይቻል ከሆነ፥ እስከ መግደል በሚደርስ ኃይል መከልከልን ይፈቅዳል። በዚያው አገር በአዮዋ ግን ሌላ ነገር ተፈረደ። አጎቴ በተኮሰበት በዚያው በ1959 ዓ.ም.፥ በሐምሌ ወር፥ ባልና ሚስት ሰው በማይኖርበት የእርሻ ቤታቸው ውስጥ በር ሲከፈት የሚተኩስ ጠመንጃ አጥምደው ነበር። አሮጌ ጠርሙስና ማሰሮ ሊወስድ የገባ ሰው እግሩን ተመታ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአዮዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባልና ሚስቱ ለሌባው 30,000 ዶላር እንዲከፍሉ የተወሰነውን ፍርድ አጸና፤ እነርሱም ለዚሁ ዕዳ ከመሬታቸው ከፊሉን ሸጡ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአጎቴ ሁለት በሬዎች ትዝ አሉኝ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «ለገበሬ በሬው እጁ ነው፤ በሬው የተወሰደበት ሰው ልጆቹ ይራባሉ፤ ፖሊሱም ሩቅ ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። የድኻ በሬ እንደ ሀብታም ዕቃ የሚታይ አይደለም። ስለዚህም ሕጉ እጅህን አጣጥፈህ ተመልከት አላለህም። ጩኽ፥ ጎረቤትህን ጥራ፥ ተከተል፥ በሬህን አስጥል፥ ሌባውን ይዘህ አስረህ ለዳኛ አቅርብ ይልሃል። መሣሪያ ይዞ ቢዞርብህ ደግሞ ነገሩ የበሬ መሆኑ ቀርቶ የነፍስህ ይሆናል፥ ያን ጊዜ መከላከል ትችላለህ። ሮጦ ሲሸሽህ ግን ከጥይትህ ፊት ያለው በሬ አይደለም፤ ሰው ነው።

ከአባቶቻችን ምሳሌ አንዱ፥ በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ ይላል። ሰው በቅሎውን በፍርድ ቢያጣ ይታገሣል፥ ጭብጦውን በግፍ ቢያጣ ግን ያንገበግበዋል። ሌባን ለመግደል እጃችንን የሚያነሣውም የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ይህ እንግብግብታ ነው። እኔ ግን ምሳሌውን ወደ ፊት ገፍቼ እጠይቃችኋለሁ፤ ጭብጦ ያለ ፍትሕ ስትሄድ ይህን ያህል ካሳዘነች፥ ያለ ፍትሕ የሄደች ነፍስማ ምን ያህል ታሳዝን?

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የዚያ ሟች የልጅ ልጅ ተማሪዬ ሆነ። ከፍ ብሎ ትምህርቱን ሲፈጽም ጠርቼ ስለዚያች ሌሊት ነገርሁት፤ «በለው» ያልሁት እኔ እንደ ሆንሁም አልሸሸግሁትም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «መምህር፥ የሌባ ዘር እየተባልን አድገናል፤ ዕዳው ሁለት በሬ እንደ ነበር ግን ማንም አልነገረንም» አለኝ። ይቅርታም ጠየቅሁት፤ ይቅር አለኝ።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ዛሬ መሣሪያ በየቤቱ በዝቷል፤ እናንተም አንድ ሌሊት ባለ ቤት ሆናችሁ ትወጡ ይሆናል። ያን ጊዜ ልባችሁ ወይም አጠገባችሁ የቆመ ሰው «በለው!» ይላችኋል። ከመተኮሳችሁ በፊት የየኔታን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፤ በሬውን ለቅቋል ወይስ አልለቀቀም? ከለቀቀ፥ በሬያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ የቀረውን ለዳኛ ተዉት።